በሰው ቁና የተሰፈረ ባዜቃ

በወረቀት ላይ ደብረ ማርቆስ በዓመት 73 ኪሎ ሜርኩሪ ትለቃለች። ቁጥሩን ያገኘሁት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 62,497 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ስለሰፋች ለሒሳቡ እንዲመቸኝ 100 ሺህ አልኩት። አንድ ሰው በቀን 400 ግራም ቆሻሻ ይጥላል ብዬ አሰብኩ፤ በዓመት 14,600 ቶን መጣ። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አገሮች የሜርኩሪ ልቀታቸውን እንዲያሰሉበት ያዘጋጀውን የመመሪያ ጥራዝ ገለጥኩ። ለቤትና ለከተማ ቆሻሻ፣ ሜዳ ላይ ቢቃጠልም ቢጣልም፣ በደፈናው የተቀመጠው ማባዣ በቶን 5 ግራም ነው። 14,600 በ5 ሲባዛ 73,000 ግራም ሆነ። ሥራው በዚህ አለቀ።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ ዕቃ እንመልሰው። ትኩሳት የሚለካበት የመስታወት ቴርሞሜትር በሆዱ የሚይዘው ሜርኩሪ፣ አባቶች ባዜቃ የሚሉት ያ የሚፈስ ብር፣ 1 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ 73 ኪሎ ማለት የደብረ ማርቆስ ሰው በያመቱ 73,000 ቴርሞሜትር እየሰበረ ይጥላል ማለት ነው። ሕፃን ከአዋቂ ሳይለይ፣ ከአራት ሰው ሦስቱ በየዓመቱ አንድ አንድ ቴርሞሜትር ይሰብራሉ እንደማለት ነው። በቴርሞሜትር ካልሆነ በደም ግፊት መለኪያ ይሁን ቢባል፣ እያንዳንዳቸው 80 ግራም የሚይዙ ከ900 በላይ መለኪያዎች በየዓመቱ ቆሻሻ ገንዳ መግባት አለባቸው። እንኳን ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ተደምረውም ይህን ያህል አይሰብሩም።

የከተማችንን ቆሻሻ የሚያውቅ ሰው ምን እንዳለበት ያውቃል። አመድ አለበት፤ የምድጃውም የከሰሉም። የድንች፣ የሽንኩርትና የሙዝ ልጣጭ አለበት፤ የጫት ገራባ፣ የግቢ ጥራጊ፣ ክረምት ከሆነ ጭቃ፣ በጋ ከሆነ አቧራ አለበት። ፌስታልና የውሃ ላስቲክ በዝቷል። ባትሪ፣ የተሰበረ አምፖልና የመድኃኒት ጠርሙስም አይጠፋም፤ ግን በብዛቱ ቢመዘን ከአመዱ ጋር አይወዳደርም። በቶን 5 ግራም የሚለው ማባዣ የተወለደው ሌላ ዓይነት ቆሻሻ ከሚጥሉ ከተሞች ነው፤ ባትሪው፣ ቴርሞሜትሩ፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያውና ፍሎረሰንቱ ለአሥርት ዓመታት በገፍ ከተጣለባቸው የበለጸጉ አገሮች። ያንን ማባዣ አምጥቶ በእኛ አመድ ላይ መለጠፍ ልኬት አይደለም።

የምከራከረው በባለሙያዎቻችንም በሹሞቻችንም ዘንድ ሥር ከሰደደ አንድ አስተሳሰብ ጋር ነው። አስተሳሰቡ እንዲህ ይላል፦ ኢትዮጵያ ጥቂት የምትለቅ አገር ናት፤ ስለዚህ የአገሪቱን የሜርኩሪ ልቀት በዓለም አቀፉ ጥራዝ ማባዣዎች አባዝቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የወደፊቱን መተንበይ ሲያስፈልግም ይህንኑ ቁጥር በኢኮኖሚ ዕድገት መቶኛ ማሳደግ ነው። መለካት ውድ ነው፣ መቁጠር ጊዜ ይወስዳል፣ ግምቱ ለሪፖርት ይሆናል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በጥቂት በጀት ብዙ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ግን ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱም የአስርዮሽ ነጥብ ስሕተት አይደለም፤ መርዙ ያለበትን ቦታ የሚያስት ነው።

ጎጃም ውስጥ እህል የሸጠ ሰው ቁና ምን እንደሆነ አይነገረውም። ገበሬው ጤፉን ቤቱ በራሱ ቁና ሰፍሮ ይወጣል፤ ገበያ ሲደርስ ነጋዴው በራሱ ቁና ይሰፍርለታል። እህሉ አንድ ነው፣ መንገድ ላይ አልፈሰሰም፤ ቁጥሩ ግን ይለያያል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ስንት ቁና ሆነ ከማለቱ በፊት በማን ቁና ብሎ ይጠይቃል። በሜርኩሪ ነገር እኛ ይህን ጥያቄ ትተነዋል።

ጥራዙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በደፈናው የተቀመጡት ማባዣዎች የአገር ውስጥ መረጃ እስኪገኝ ድረስ እንዲያገለግሉ የታሰቡ መሆናቸውን ጽፈዋል። ጥራዙ ሁለት ደረጃ አለው፦ የመጀመሪያው ቀለል ያለው ነው፤ ሁለተኛው አገሩ የራሱን ፋብሪካ፣ የራሱን ማዕድንና የራሱን ቆሻሻ እየመረመረ የሚሞላው ነው። የመጀመሪያው በር ነው፤ እኛ ግን በሩ ላይ ቤት ሠርተን ተቀመጥን።

በዓለም ደረጃ የሆነውን እንይ። ወርቅን በሜርኩሪ እየለዩ የሚያወጡ ባህላዊና አነስተኛ አምራቾች በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አየር የለቀቁት ሜርኩሪ 350 ቶን ገደማ ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የ2010ሩ ሒሳብ ሲወጣ፣ ቁጥሩ 727 ቶን ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ የዓለም ወርቅ ቆፋሪ እጥፍ ሆነ? አልሆነም። የአካባቢ ፕሮግራሙ ሪፖርት ራሱ እንደገለጸው የጭማሪው ትልቁ ክፍል የመጣው የተሻለ መረጃ በመገኘቱ ነው፤ በተለይ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሰው ሄዶ ስላየ። መጀመሪያ ላይ በወረቀት ያልነበረው ሜርኩሪ በመንደሮቹ ውስጥ ነበረ፤ እናቶች ይተነፍሱት ነበር። ለ2015 እ.ኤ.አ. በተሠራው ግምት መሠረት ደግሞ የሰው ልጅ በዓመት ወደ አየር ከሚለቀው 2,220 ቶን ገደማ ሜርኩሪ ውስጥ 38 በመቶው ከዚሁ ከባህላዊ ወርቅ የሚወጣ ነው። የድንጋይ ከሰል ማቃጠያዎች ሁሉ በሁለተኛነት ተከተሉት። የዓለምን ትልቁን ምንጭ ያገኘው ማባዣ አይደለም፤ የተጓዘ እግር ነው።

እዚህ ላይ ወደ መተከል ልሻገር፤ ለእኛ ለጎጃሞች ሩቅ አገር አይደለምና። ቀድሞ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር፤ በለስም ያንኑ ዓባያችንን የሚቀላቀለው እዚያው ነው። ከመተከልና ከአሶሳ እስከ ሻኪሶና አዶላ፣ እስከ ጋምቤላ፣ እስከ ሽሬ አካባቢ ድረስ ወርቅ በእጅ የሚያወጣው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ለዘመናት ወርቁን በገበቴ ውሃ እያጠበ፣ አሸዋውን እያንከባለለ፣ ያለ ምንም ኬሚካል አውጥቷል። በዚያ መንገድ ለወጣ ወርቅ የሚለቀቀው ሜርኩሪ ዜሮ ነው። በቅርብ ዘመን ግን ሜርኩሪ ገባ። ሜርኩሪው ከወርቁ ብናኝ ጋር ይጣበቅና ነጭ ሊጥ የመሰለ ድቡልቡል ይሆናል፤ ድቡልቡሉ እሳት ላይ ሲጣድ ሜርኩሪው ይተንና ወርቁ ይቀራል። ሜርኩሪ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ገደማ ነውና የእንጀራ ምድጃ ይበቃዋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ አጠገብ የቆመ ሰው አንዳች ነገር እንደገባበት አያውቅም። እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የባሕርይ መለወጥ ኋላ ይመጣሉ።

ለዚህ ሥራ የጥራዙ ማባዣ ስንት ነው? አሠራሩ ይወስነዋል። ያልታጠበው ማዕድን በሙሉ በሜርኩሪ ከተለወሰ ለ1 ኪሎ ወርቅ 3 ኪሎ ሜርኩሪ ይጠፋል፤ መጀመሪያ በውሃ ታጥቦ የተጣራው ብቻ ከተለወሰ 1 ኪሎ ገደማ፤ እንፋሎቱን የሚይዝ ክዳን ያለው ዝግ ዕቃ ከተጠቀሙ ግራሞች ብቻ፤ በገበቴ ብቻ ከሆነ ባዶ። እንግዲህ 30 ቶን ወርቅ በባህላዊ መንገድ ወጣ ብንል፣ የአገሪቱ ልቀት ከዜሮ እስከ 90 ቶን የሆነ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። 90 ቶን ማለት ከዓለም የአየር ልቀት 25 እጅ አንዱ ነው። ዜሮ ማለት ደግሞ ምንም ማለት ነው። በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚፈታው በሠንጠረዥ አይደለም። ወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ ወርቁን የሚያጥበውን ሰው ዐይቶ፣ ዋጋውንና አቅራቢውን ጠይቆ፣ በሳምንት ስንት ጠርሙስ እንደሚያልቅ ቆጥሮ ነው። ጥቂት ቦታዎችን በደንብ ያየ ቡድን አገሩን ሁሉ በማባዣ ከሸፈነ ሰነድ የበለጠ ያውቃል፤ በዚህ ምንም ጥርጥር የለኝም።

ትንበያውስ? በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በነበረው በጀት ዓመት ለውጭ ገበያ የቀረበው ወርቅ ጥቂት ቶን ብቻ ነበር፤ በ2017 በጀት ዓመት ግን ከ30 ቶን በላይ ሆነ። ሁሉም ከባህላዊ አምራች የመጣ አይደለም፤ ግን ዝላዩን የፈጠረው በዋናነት በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ባንክ መመለሱ ነው። ይህን የወርቅ መዝገብ ወስዶ በማባዣ ያባዛ ሰው የኢትዮጵያ የሜርኩሪ ልቀት በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ አደገ ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ያንን መስመር ወደ 2022 እና ወደ 2027 ይስበዋል። መሬት ላይ የሆነው ግን ምንዛሪው መለወጡ ነው። ቀድሞም ወርቁ ከጉድጓድ ይወጣ ነበር፤ ሜርኩሪውም ይተን ነበር፤ መዝገቡ ብቻ አያየውም ነበር። መዝገቡ ያላየው ሜርኩሪ የሕፃንን አንጎል አይምርም።

ከሲሚንቶውም ተመሳሳይ ትምህርት ይገኛል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሲሚንቶን ምርት ከ2.7 ሚሊዮን ቶን ወደ 27 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ አቅዶ ነበር። የኖራ ድንጋይ ውስጥም ከሰል ውስጥም ጥቂት ጥቂት ሜርኩሪ አለ፤ እቶኑ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ሁሉንም ወደ ጢስ ማውጫው ይልከዋል። ለአንድ ቶን ሲሚንቶ 0.1 ግራም ገደማ ብለን ብናባዛ፣ ዕቅዱን ያመነ ትንበያ ለ2007 ዓ.ም. 2.7 ቶን ሜርኩሪ ይጽፍ ነበር። ከዕቅዱ ግን ግማሹ እንኳ አልተመረተም። መብራት ይቆራረጣል፣ መለዋወጫ ይጠፋል፣ ዶላር ይታጣል፤ ፋብሪካው ቆሞ ይውላል። የአንድን ፋብሪካ ልቀት የሚወስኑት የሚያቃጥለው ከሰል ከየት እንደመጣ፣ አቧራ መያዣው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የተያዘው አቧራ ተመልሶ እቶን ውስጥ ይገባ እንደሆነ ነው። አሁን ፋብሪካዎቹ ከውጭ በሚመጣው ከሰል ፋንታ የአገር ውስጡን እየተጠቀሙ ነው። የዳውሮ ከሰል፣ የያዩ ከሰል፣ የጭልጋ ከሰል አንድ አይደሉም፤ ሰልፈራቸውም አመዳቸውም እንደሚለያይ ሁሉ ሜርኩሪያቸውም ይለያያል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ከረጢት ናሙና ወስዶ መመርመር ስንት ይፈጃል? የደጀንን ገደል የወረደ ሰው በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ የኖራ ድንጋይ መኖሩን ዐይቷል፤ ድንጋዩ ምን ያህል ሜርኩሪ እንዳለው ለማወቅ መዶሻና ከረጢት ይበቃል።

በነገራችን ላይ የዓለም ሊቃውንትም የሩቁን ሲተነብዩ በእርግጠኝነት አይናገሩም። ስትሪትስና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የ2050ን የዓለም ልቀት ከ2,390 እስከ 4,860 ቶን ብለው አስቀመጡ። መነሻቸው የነበረው የ2006 ልቀት 2,480 ቶን ነው። እንግዲህ ወይ ትንሽ ይቀንሳል ወይ እጥፍ ይሆናል ማለታቸው ነው፤ የሚወስነውም በተለይ እስያ ምን ያህል ከሰል እንደምታቃጥልና ጢሱን እንዴት እንደምታጣራ ነው። ይህ ድክመት አይደለም፤ ትንበያው በሰው ውሳኔ ላይ እንደሚንጠለጠል በግልጽ መናገር ነው። የእኛ ሰነዶች ግን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳሉ፤ ለጠቅላላው ኢኮኖሚ የተተነበየውን ዕድገት ወስደው ለሜርኩሪም ያለብሱታል። ኢኮኖሚው የሚያድገው በቡና፣ በባንክ፣ በቴሌኮም ነው፤ ከእነዚህ የትኛው ነው ሜርኩሪ የሚያተነው?

ልጅ ሳለሁ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ቴርሞሜትር ተሰበረ፤ የትኛው እንደነበር አልናገርም። ከወለሉ ላይ የተንከባለሉትን ጠብታዎች እኔና ሌሎች ልጆች በወረቀት አፈስናቸው። ቤት ወስደን በቢጫዋ ባለ 10 ሳንቲም ላይ በጣታችን አሸናቸው፤ ሳንቲሟ እንደ ብር ነጣች። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ ዐየልን። የቀረውን ጠብታ በብልቃጥ አድርጌ ትራሴ ሥር ለስንት ሳምንት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ማንም አልከለከለኝም፤ የሚያውቅ አልነበረምና። ይህን ያነሳሁት ያ 1 ግራም በየትኛውም የአገር ልቀት ሰንጠረዥ ላይ በዚያ ዓመት በጤና ተቋም ስም ስላልተመዘገበ ነው። ዛሬ በሚሠራበት ስሌት ደግሞ ከገራባና ከአመድ ጋር ተደምሮ የቆሻሻ ልቀት ይባላል። እናም መፍትሔ ሲፈለግ ጣት የሚቀሰረው እናቶች በሚጥሉት ቆሻሻ ላይ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ያለበት ቁምሳጥን ሳይከፈት።

ቁምሳጥኑን መክፈት ግን የሚቻል ነገር ነው፤ ክርክሬም ያለው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ጤና ተቋም የገዛው ወይም በዕርዳታ የተቀበለው ዕቃ ሁሉ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ተመዝግቧል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ተፈርሞበታል። የመስታወት ደም ግፊት መለኪያዎቹ በዲጂታል ሲተኩ አሮጌዎቹ አልጠፉም፤ እስኪወገዱ ድረስ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንድ ሰው የንብረት ክፍሉን መዝገብ ይዞ በምሥራቅ ጎጃም ያሉትን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ቢዞር በአንድ በጋ ይጨርሳል። መቶ መለኪያ ቢያገኝ 8 ኪሎ ሜርኩሪ አገኘ ማለት ነው፤ በአድራሻ፣ በመጋዘን፣ በኃላፊ ስም የታወቀ 8 ኪሎ። ከማይጨበጠው 73 ኪሎ ይልቅ ይህ 8 ኪሎ ይበልጥብኛል፤ ነገ ተሰብስቦ ሊታሸግ ይችላልና። የጥርስ ክሊኒኮች የሚሞሉት ግራጫ ሙሌት ግማሹ ሜርኩሪ ነው፤ በወር ስንት እንክብል እንደሚያልቅባቸው ያውቃሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎች መደርደሪያ ላይ የድሮ ጠርሙስ አይጠፋም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ፊት የሚያነጣ ቅባት ደግሞ ከሁሉ ይቅደም፤ ዓለም አቀፉ የሜርኩሪ ስምምነት መጀመሪያውኑ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ላይ ገደብ ጥሎበት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ቀጥታ የሴቶቻችን ቆዳ ላይ ነውና የሚቀባው።

አምፖሉም ይቆጠራል። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን በአሮጌው አምፖል ለውጥ በነፃ አደለ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ የመብራት እጥረቱን አቃልሏል። እያንዳንዱ ግን 4 ሚሊ ግራም ገደማ ሜርኩሪ ነበረው፤ ሚሊዮን አምፖል 4 ኪሎ ነው። መቼ እንደታደሉ ይታወቃል፣ የአገልግሎት ዘመናቸው ይታወቃል፤ እንግዲህ መቼ ቆሻሻ ውስጥ እንደገቡ ከዓመት ዓመት መተንበይ ይቻል ነበር። ትንበያ የምለው ይህን ነው፤ ዕቃውን ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከሚሰበርበት ቀን መከተል።

ግምት የሚለው ቃል ጎጃም ውስጥ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በወጣ ጊዜ የገበሬውን ምርት በዓይን እየገመቱ ግብር የሚጥሉ ሰዎች ወጡ፤ ሞጣና ዳሞት ተነሱ፤ የአውሮፕላን ቦምብ እስከ መጣል ተደረሰ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አገረ ገዥውን አነሱ፤ ውዝፉንም ማሩ። አባቶቻችን መሬት ሊለካ ሲመጣም ተቃውመዋል፤ ያንን አልደብቅም። ርስት የሚነጥቅ ቀላድ ነበረ የታያቸው። ሁለቱንም ጊዜ ግን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ የሚገምተው ማን ነው፣ ግምቱስ ማን ላይ ይወድቃል? የሜርኩሪ ግምት ሲሳሳትም የሚወድቅበት አለ። ቆሻሻ ላይ የተጋነነው ቁጥር ብሩን ወደ ቆሻሻ ማቃጠያ ይወስደዋል፤ ወርቅ ላይ የተሳሳተው ቁጥር ደግሞ ድቡልቡሉን ምድጃ ላይ የምትጥደውን ሴት ያለ ክዳን ያስቀራታል።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ቀላል ነገር አይደለም የሚሉት። አንደኛው መሣሪያ የለንም ነው። እውነት ነው፣ የጢስ ማውጫ ላይ ሜርኩሪ የሚለካ መሣሪያ ውድ ነው። እኔ ግን እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ቆጠራ ነው። ናሙናውንም ቢሆን የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋሞቻችን የኬሚስትሪ ተማሪዎች ለመመረቂያቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ሁለተኛው ከሌሎች አገሮች ጋር ለመነጻጸር አንድ ማባዣ ያስፈልጋል የሚል ነው። ሁላችን በአንድ የተሳሳተ ቁና ብንሰፍር ተነጻጸርን እንጂ ዐወቅን አይባልም። አገሮች የየራሳቸውን ለክተው፣ የእርግጠኝነታቸውን ወሰን ጽፈው ቢያቀርቡ ንጽጽሩ ይጠራል። የዓለሙ ሪፖርት እንኳ 2,220 ካለ በኋላ ከ2,000 እስከ 2,820 ብሎ ወሰኑን ያስቀምጣል፤ የእኛ ሰነድ ለምን አንድ ቁጥር ብቻ ይጽፋል? ሦስተኛው መሄድ የማይቻልባቸው ቦታዎች አሉ የሚል ነው። በመተከልም በጎጃምም ባለፉት ዓመታት መንገድ መዘጋቱን የምናውቅ ሰዎች ይህን አንክድም። መሄድ ባልተቻለበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ይቀመጥ፤ አልታየም ተብሎ ይጻፍ። የተበደረ ቁጥር እዚያ ሳጥን ውስጥ መግባት የለበትም፤ አንዴ ከገባ ማንም ተመልሶ አይሄድም።

ትንሽ ነው የምንለቀው ለሚሉት ደግሞ ሚናማታን አስታውሳለሁ። በ1956 እ.ኤ.አ. በዚያች የጃፓን የባሕር ወሽመጥ ዳር በሽታው ሲታወቅ ምንጩ የአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ነበር። ጃፓን በአገር ደረጃ የምትለቀውን ሜርኩሪ ማወቅ ለዓሣ አጥማጆቹ ምንም አልጠቀማቸውም፤ የጠቀማቸው የዚያን ፋብሪካ ቦይ፣ የዚያን ባሕር ዓሣ፣ የእነሱን ፀጉር መመርመር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በኩማሞቶ የጸደቀው ዓለም አቀፉ የሜርኩሪ ስምምነት የሚናማታን ስም የያዘው ለዚህ ነው፤ ኢትዮጵያም ፈርማበታለች።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን አየሩ አይደለም፤ ዓባይ ነው። ከጮቄም ከጣናም የወረደው፣ በለስም ከመተከል ያመጣው ውሃ ሁሉ ጉባ ላይ ከግድቡ ኋላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዝ ሐይቅ ውስጥ ተጠራቅሟል። አዲስ የተጥለቀለቀ መሬት ሲኖር በውስጡ የሚበሰብሰው ሣርና እንጨት ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል፤ ባክቴሪያው ተራውን ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጠዋል። ሚናማታን የገደለው ይኸው ነው። በካናዳ ኩቤክ የላ ግራንድ ግድቦች ሲሞሉ የዓሣው ሜርኩሪ በእጥፍ በእጥፍ ጨምሮ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ 20 እና 30 ዓመት ፈጅቷል። ግድቡን እወደዋለሁ፤ እንደማንኛውም የዚህ አገር ሰው ከጥቂት ደመወዜ ቦንድ ገዝቼበታለሁ። የወደድኩት ሐይቅ ዓሣ ይመርመር ማለቴም ለዚሁ ነው። በወረቀት ስሌት ይህ ሐይቅ የልቀት ምንጭ አይደለም፤ ጢስ የለውም፣ ፋብሪካ አይደለም፣ ማባዣም አልተጻፈለትም።

በአገራችን መለካት እንደሚቻል የታየው በሐዋሳ ሐይቅ ነው። ተመራማሪዎች ዓሣ አጥምደው ሥጋውን መረመሩ፤ ሌሎች ዓሦችን የሚበላው ትልቁ ባርበስ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ አልጌ ከሚበላው ከቆሮሶው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት፤ አንዳንዱም ለምግብ ከተቀመጠው የኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ገደብ ያልፍ ነበር። ከየትኛውም ማባዣ ይህ አይወጣም ነበር። ከጉባው ሐይቅም ዓሣ እየወጣ ለገበያ ይቀርባል። ዘንድሮ ከሐይቁ፣ ከላይ ከበለስ፣ ከጣናም ትልቁና ትንሹ ዓሣ እየተመዘነ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ሥጋ በበረዶ ይያዝ፤ ወንዙ ዳር ወርቅ ከሚያጥቡት ቤተሰቦችም ፈቃዳቸው ተጠይቆ ጥቂት ፀጉር ይወሰድ።